የአፍንጫችንን ልክ ማን አወጣው?



አፍንጫዋን ለማሠራት ወደ ክሊኒክ የሄደች ሴት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፊቷ ይለካል። ከፊትና ከጎን ፎቶ ያነሷትና ኮምፒውተር ላይ መስመር ያሰምሩበታል። በአፍንጫዋና በላይኛው ከንፈሯ መካከል ያለው ማዕዘን ለሴት ከ95 እስከ 110 ዲግሪ፣ የአፍንጫዋ ስፋት ደግሞ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ያለውን ርቀት ያህል ቢሆን ይመረጣል ይሏታል። ቁጥር ስለሆነ የማያከራክር ይመስላል። ግን የማን ፊት ተለክቶ የመጣ ቁጥር ነው?

መነሻው ሕክምና አይደለም። የጥንቱ ሮማዊ አርክቴክት ቪትሩቪየስ ስለ ቤተ መቅደስ አሠራር ሲጽፍ ፊትን ከላይ ወደ ታች በሦስት እኩል ከፍሎ መካከለኛውን ለአፍንጫ ሰጠ። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር ስለ ሰውነት ልክ የጻፈው መጽሐፍም በ1528 እ.ኤ.አ. ታተመ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ሐኪም ፔትሩስ ካምፐር የራስ ቅልን ከጎን እያየ የፊትን ማዕዘን ለካ። የግሪክን ሐውልት 100፣ አውሮፓዊን 80፣ አፍሪካዊን 70 ዲግሪ አድርጎ ደረደረ፤ ከዚያ በታች ጦጣን አስቀመጠ። እይው፣ ከላይ የተቀመጠው ሕይወት ያለው ሰው እንኳ አይደለም፤ ድንጋይ ነው! ካምፐር ራሱ የሰው ልጅ ሁሉ መነሻው አንድ ነው ይል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ድርደራውን ዘርን ከዘር ለማበላለጥ ተጠቀሙበት።

በ1898 በርሊን ውስጥ ዣክ ዮሴፍ የተባለ ሐኪም የአንድ ጤነኛ ሰው ትልቅ አፍንጫ አሳነሰ። ሰውየው አላመመውም፤ ሰው ፊት መውጣት ግን ያሳፍረው ነበር። ዮሴፍ አይሁዳዊ ነበር፤ ከታካሚዎቹም መካከል በአፍንጫቸው እየተለዩ መሰደብ የመረራቸው አይሁዶች ነበሩ። አፍንጫቸውን ያስጠላቸው የሰው አፍ ነው።

በ1985 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሌስሊ ፋርካስና ባልደረቦቹ የቆዩትን ልኮች በሰሜን አሜሪካ ነጮች ፊት ላይ ፈተኑ። ልኮቹ ለአብዛኛው ሰው አልገጠሙም። ለነጮቹ ያልገጠመ ልክ ለወሎዋ፣ ለሐረሯ ወይም ለጅማዋ ልጅ እንዴት ጉድለት ማሳያ ይሆናል? እኛስ ብንሆን «ሰልካካ» ብለን ስናሞግስ፣ «ጎራዳ» ብለን ስንሰድብ ልጆቻችን ይሰሙናል።

ዲናችን የተጎዳን አፍንጫ አልናቀም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆረጠ። ከብር ቢያሠራ ሸተተው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ መሆኑን አስቢ። በሌላ በኩል ለውበት ሲሉ ጥርሳቸውን የሚያፋፍቁ ሴቶች በሐዲስ ተወግዘዋል። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ጉዳትን መጠገንን፣ የአላህን አፈጣጠር ለውበት ብቻ ከመለወጥ ይለያሉ።

ስለዚህ እህቴ፣ የአፍንጫሽ አጥንት ተሰብሮ ወይም ተጣሞ መተንፈስ ከከለከለሽ ታከሚ፤ አትፈሪ። ማዕዘንሽ ጎደለ ከተባልሽ ግን ሐኪሙን «የማን ልክ ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከመወሰንሽ በፊትም የምታምኚውን ዓሊም አማክሪ።

ወላሁ አዕለም።