የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ፦ የግብርና የአካባቢ አስተዳደር ጥያቄ በቢቸናና በሞጣ

በ1960 ዓ.ም. በያኔው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት የተነሣው የገበሬዎች አመፅ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከታዩት ታላላቅ ሕዝባዊ እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ሞጣና ቢቸና አውራጃዎች ዋነኛ ማዕከሎቹ ነበሩ። ቅርብ ምክንያቱ አዲስ የግብርና ገቢ ግብር ይሁን እንጂ፣ ሥሩ «ግብሩን ማን ይወስን? አገሩንስ ማን ያስተዳድር?» የሚል ጥያቄ ነበር። በዚያው ዘመን፣ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው የቤንጋል ምድርም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ግን ጥያቄውን የተሸከመው የከተማው መካከለኛ መደብ ስለ ነበረ ጉዞው የተለየ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ርስትና ግብር

በጎጃም መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። አንድ ሰው መሬቱን ካቀናው ቀደምት አባት መወለዱን በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ካስረዳ ድርሻ ይጠይቃል። ግብሩም የሚታሰበው በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ስፋት ሳይሆን በአባት በተከፈለው ይዞታ ላይ ነበር፤ ወራሾቹ በመካከላቸው ተካፍለው ይከፍሉታል። በዚህ የተነሣ የግብሩ መጠን ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ቆይቷል፤ መንግሥትም የእያንዳንዱን ገበሬ ይዞታ በዝርዝር አያውቅም ነበር።

በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የነበረው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እዚያ መሬት በቃላድ ተለክቶ ከፊሉ ለመንግሥትና ለሹማምንት ሲሰጥ፣ ብዙ ነባር ባለይዞታ ወደ ጭሰኛነት ወርዷል። የጎጃም ገበሬ ይህን ያውቅ ስለ ነበር «ልኬታ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው የገንዘቡ መጨመር ብቻ ሳይሆን የርስቱ መነቀል ነበር።

ከጣሊያን መባረር በኋላ መንግሥት በ1930ዎቹ አጋማሽ የመሬት ግብርን እንደ አዲስ ለማደራጀት ሲሞክር በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግሬን ከአዲሱ ተመን አውጥቶ ከወረራው በፊት ይከፍሉት በነበረው መጠን እንዲቀጥሉ ፈቀደ።

የአስተዳደር ቅሬታ

ጎጃም እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በገዛ መሳፍንቱ ይተዳደር ነበር። የመጨረሻው የዘር ገዥ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ፣ በዚያ ዓመት ከሥልጣን ተነሥተው ጠቅላይ ግዛቱ ለራስ እምሩ ተሰጠ። ይህ ሲባል ያለፈው ዘመን ለገበሬው ምቹ ነበር ማለት አይደለም፤ ራስ ኃይሉ ራሳቸው በከባድ ግብራቸው የታወቁ ነበሩ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሹመት ሁሉ ከአዲስ አበባ የሚመነጭ በመሆኑ ቅሬታው አቅጣጫውን ለወጠ።

በወረራው ዘመን በቢቸና አካባቢ ጠላትን የተፋለሙት ደጃዝማች በላይ ዘለቀም ከነፃነት በኋላ ከማእከላዊው መንግሥት ጋር ተጋጭተው ጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መቀጣታቸው በአገሬው ልብ ውስጥ ቁስል ትቶ አልፏል።

በ1953 ዓ.ም. የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። በእርሳቸው አስተዳደር ዘመን የጦር መሣሪያ ምዝገባና ልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡን አስመርሯል። መሣሪያ ለጎጃም ገበሬ የቤቱ ጠባቂና የክብሩ ምልክት በመሆኑ ምዝገባውን እንደ ትጥቅ ማስፈታት መጀመሪያ ተመለከተው። አቤቱታ ቢቀርብም ሹማምንቱ በቦታቸው ቀጠሉ።

የአመፁ አካሄድ

ኅዳር 1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ታወጀ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብሩ በየገበሬው ዓመታዊ ገቢ ላይ እንዲጣል የሚያዝ ነበር። ገቢውን የሚገምቱ ቡድኖች ወደየወረዳው ሲሰማሩ ግን ገበሬው አልተቀበላቸውም። ምርቱን ለመገመት ማሳውን ማየት፣ ባለይዞታውንም በስም መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህም ለእርሱ ከልኬታ የተለየ አልነበረም።

ተቃውሞው በሞጣና በቢቸና ጠንክሮ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተስፋፋ። ገበሬዎች በየአጥቢያቸው የጎበዝ አለቃ መርጠው ተደራጁ፤ ከመንግሥት ኃይል ጋርም ተጋጩ። መንግሥት በሽምግልናና በማግባባት ከሞከረ በኋላ የጦር ሠራዊት ላከ፤ በክረምቱም አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። ይሁን እንጂ ጦሩ በዚያው ዘመን በባሌና በኤርትራም ተጠምዶ ስለ ነበር ጎጃምን ለረጅም ጊዜ በጉልበት ይዞ መቆየት አዳጋች ነበር።

በመጨረሻ መንግሥት ለቀቀ። ደጃዝማች ጸሐዩ ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ገበሬው የፈራው ልኬታ ቀረ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ፤ ሲጠራቀም የቆየው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ደጋፊዎቹ እነማን ነበሩ?

አመፁን ያንቀሳቀሱት ርስተኛ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ መሪዎቹ በአብዛኛው በአካባቢው የተከበሩ ባላባቶችና የቀድሞ አርበኞች ነበሩ። በከተሞች ያለው የተማረ ወገን ግን ገና ጥቂት ነበር፤ በመምህርነትና በጸሐፊነት የሚያገለግለውም ደመወዙን ከመንግሥት የሚያገኝ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም ስላልተፈቀደ የገጠሩንና የከተማውን ቅሬታ የሚያገናኝ ድርጅት አልነበረም።

የአዲስ አበባ ተማሪዎች የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። መፈክሩ የጭሰኛውን ጥያቄ የሚመልስ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን በብዛት ራሱ ባለርስት ስለ ነበር የእርሱ ጥያቄ መሬት ማግኘት ሳይሆን ያለውን አለመነጠቅ ነበር። ስለዚህ አመፁ ግቡን ሲመታ ገበሬው ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ከአውራጃ አልፎ አገሪቱ እንዴት ትተዳደር የሚል የጽሑፍ ፕሮግራም አልተወም።

የቤንጋሉ መንገድ

ፓኪስታን በነሐሴ 1939 ዓ.ም. ስትመሠረት በመካከሏ ሕንድን ያደረጉ ሁለት ክፍሎች ነበሯት። አብዛኛው ሕዝብ በምሥራቁ ክፍል ቢኖርም መንግሥቱ፣ ጦሩና ከፍተኛው የሥራ ቦታ በምዕራቡ እጅ ነበር። የምሥራቁ ገበሬ ለገመድና ለጆንያ የሚሆነውን ጁት የተባለ ተክል ያመርታል፤ ከሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ግን በአብዛኛው የሚውለው በምዕራቡ እንደ ነበር ቤንጋሎች ያማርሩ ነበር።

ቅሬታውን ወደ ፖለቲካ የለወጡት ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ጠበቆች፣ ጸሐፊዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ብዙዎቹ ተምረው ወደ ከተማ የገቡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ኡርዱ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን መታሰቡን በመቃወም የካቲት 13 ቀን 1944 ዓ.ም. በዳካ የወጡ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በዓለም ዙሪያ የሚከበረው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን መታሰቢያነቱ ለዚያ ዕለት ነው።

በ1958 ዓ.ም. የአዋሚ ሊግ ፓርቲ መሪ ሼክ ሙጂቡር ራህማን ስድስት ነጥብ ያለው የራስ አስተዳደር ጥያቄ አቀረቡ። ማእከላዊው መንግሥት መከላከያንና የውጭ ጉዳይን ብቻ ይዞ ሌላው ለክፍለ ግዛቶቹ እንዲተው የሚጠይቅ ነበር፤ አራተኛው ነጥብ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ይመለከታል። በ1963 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ፓርቲው በምሥራቁ ክፍል ከነበሩት 162 አጠቃላይ መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ። ወታደራዊው መንግሥት ሥልጣን ከማስረከብ ይልቅ መጋቢት 16 ቀን 1963 ዓ.ም. በዳካ ጦር አዘመተ። እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ 10 ሚሊዮን ያህሉም ወደ ሕንድ ተሰደደ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1964 ዓ.ም. የፓኪስታን ጦር እጁን ሲሰጥ ባንግላዴሽ ነፃ አገር ሆነች።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ

የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች መገንጠልን አልጠየቁም፤ ዙፋኑንም አልካዱም። የጠየቁት ሳይመከር የሚጣል ግብርና ሕዝቡን የማይሰማ ሹም እንዲቀርላቸው ነበር፤ ይህንንም አገኙ። ያላገኙት ጥያቄው ዳግም እንዳይነሣ የሚያደርግ ሕግ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ የተጠበቀው ርስት በአንድ አዋጅ አከተመ። የቤንጋሉ እንቅስቃሴ ደግሞ ገበሬውንና የከተማውን ነዋሪ በአንድ ፕሮግራም ስላስተባበረ በድምፅ አሸንፏል፤ ድምፁ ሳይከበር ሲቀር ግን በከባድ ደም ተዋጅቷል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የመወሰንና በአርሶ አደሩ ገቢ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። የሞጣና የቢቸና ገበሬ በ1960 ዓ.ም. መሣሪያ አንሥቶ የተከራከረበት ጉዳይ ዛሬ በክልል ምክር ቤት በሕግ የሚወሰን ነው። ስለ ግብር ተመን የሚጠይቅ አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪም ጥያቄውን ለመረጠው እንደራሴ የማቅረብ መብት አለው።