ኬላና ገበያ፦ ኮንትሮባንድ በድንበርተኞች ዓይን

ድንበርተኞች ኮንትሮባንድን እንደ ነውር የማይቆጥሩት ሕግን ስለሚንቁ ነው የሚል አስተያየት የተለመደ ነው። ይህ መጣጥፍ ግን አመለካከታቸው ከድንበሩ በፊት ከነበረ የገበያ ታሪክ የመነጨ መሆኑን ያስረዳል።

ልዩነቱ ከስያሜው ይጀምራል። «ኮንትሮባንድ» ሥሩ ጣሊያንኛ ሲሆን «ከአዋጅ ተጻራሪ» ማለት ነው፤ ቃሉ የገዥውን ወገን ይዟል። በናይጄሪያና በቤኒን ድንበር የሚኖሩ ዮሩባዎች ግን «ፋያዎ» ይሉታል፤ በደረት መሳብ ማለት ነው። ይህ ቃል የአሻጋሪውን ድካም እንጂ ጥፋቱን አይናገርም። ምድራቸውን እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1889 እ.ኤ.አ. ተዋውለው ከፍለውታል። ዶና ፍሊን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በቤኒን በኩል ያሉት የሻቤ ዮሩባዎች በመንደራቸው ከሚያልፈው ንግድ መጠቀምን እንደ መብታቸው እንደሚያዩት አሳይታለች።

ንግድ የሚያልፍበት አካባቢ ከንግዱ ይጠቀማል የሚለው አስተሳሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ቅፍለት ከሸዋ ደጋ ግርጌ፣ አልዩ አምባ ሲደርስ ቀረጥ ይከፍል ነበር። የበረሃው ጨውና የደጋው እህል የሚገናኙት በእንዲህ ያለ ገበያ ነው፤ ኬላውም የሚኖረው ገበያው ሲደምቅ ነበር።

የመተማ ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከምዕራብ የመጡ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች የሰፈሩባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ሹማቸውም ሱዳንን ትገዛ ለነበረችው ግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር። የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ውል የተፈረመው ከዚያ በኋላ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። መተማን በሱዳን በኩል ካለችው ከገላባት የለየው መስመር ነባር ገበያን ለሁለት ከፈለ። ዛሬ ሰሊጥና የቀንድ ከብት ያለ ፈቃድ በዚያው መንገድ ሲሻገሩ ሕጉ ኮንትሮባንድ ይላቸዋል፤ ለነዋሪው ግን መንገዱ የአያቶቹ የገበያ መንገድ ነው።

ይህ ሲባል ሁሉም ጭነት እኩል ነው ማለት አይደለም። የጦር መሣሪያና የሰው ዝውውር ቀድሞ የሚጎዳው ድንበርተኛውን ራሱን ነው፤ የቀረጥ መጥፋትም የአገርን ካዝና ያራቁታል። ጥፋቱ ለጓዳው ስኳርና ዘይት የሚያሻግርን ሰው ከመሣሪያ አዘዋዋሪ ጋር በአንድ ስም መጥራት ነው። ለድንበር ነዋሪዎች የሚፈቀደው የድንበር ንግድ ይህን ልዩነት ለማበጀት መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ሕግ አውጪው በዚህ ንግድ የሚፈቀደውን የዕቃ መጠንና ዓይነት ሲወስን ድንበርተኛውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ነዋሪው የመከረበትን ኬላ ነዋሪው ራሱ ይጠብቀዋል።