የአጃቢዎቹ ፊት፦ የአሜሪካ የወንጀል ድራማ፣ «ሻፍት» እና ድሬዳዋ

እ.ኤ.አ. በ1973፣ በእኛ በ1965 ዓ.ም.፣ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ለዕይታ በቃ። ከፊሉ የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጆን ሻፍት የኒው ዮርክ የግል መርማሪ ነው፤ አፍሪካውያን ወጣቶችን እያታለለ ወደ ፓሪስ የሚነዳና ጉልበታቸውን እንደ ባሪያ የሚሸጥ የደላሎች ቡድን ውስጥ ሰርጎ እንዲገባ ይላካል። ድርሰቱን የጻፈው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ይባላል። ይህ ሰው ከዚያ 15 ዓመት በፊት «ኔክድ ሲቲ» የተሰኘውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አብዛኛውን የመጀመሪያ ዓመት ክፍል የጻፈ ነው። የአሜሪካን የወንጀል ድራማ ከስቱዲዮ አውጥተው ጎዳና ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ ብዕሩን እኛ አገር ድረስ ይዞ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ስለ እነዚያ ድራማዎችና በውስጣቸው ስላለፉት አጃቢ ተዋንያን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ መገጣጠም ነው። የአጃቢዎቹ ነገር ለድሬዳዋ ልጅ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ እንዴት እንደሆነ በቦታው እመለስበታለሁ።

ከመነሻው እንጀምር። ጃክ ዌብ «ድራግኔት»ን እ.ኤ.አ. በ1949 በሬዲዮ ጀመረና በ1951 መጨረሻ ወደ ቴሌቪዥን አዛወረው። ታሪኮቹ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ። ዌብ ራሱ ሳጅን ጆ ፍራይዴይን ሆኖ ይተውናል። ጩኸት የለም፣ መፎከር የለም፤ በር ይንኳኳል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልስ ይመዘገባል። ተዋንያኑ እንዳይጋነኑ ብሎ ቃለ ተውኔታቸውን ከፊታቸው ከተዘረጋ ጽሑፍ እንዲያነቡ ያደርግ ነበር። ሥራውን የሚያውቁለትን ጥቂት ሰዎች እያፈራረቀ ይጠቀማል፤ ቨርጂኒያ ግሬግ ዛሬ እንደ እናት፣ ሌላ ጊዜ እንደ አታላይ፣ ሌላ ጊዜ እንደ ምስክር ብቅ ትል ነበር።

«ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ይህን አቀራረብ ወዲያው ያውቀዋል። ስርቆቱ መቼና የት እንደተፈጸመ፣ ተጠርጣሪው እንዴት እንደተያዘ፣ ፍርድ ቤቱ ስንት ዓመት እንደበየነ በደረቁ ይነገራል፤ አንባቢው ግን እስከ መጨረሻው መስመር ይከተላል። በአገራችን የወንጀል ታሪክ ፍቅር ሥር የሰደደ ነው። ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎመ ስንቱን አንባቢ እንዳፈራ እናውቃለን። የደረቁ አቀራረብ ጉድለቱም በሁለቱ አገር አንድ ነው፦ መዝገቡ የፖሊስ ነውና ፖሊስ አይሳሳትም። ጃክ ዌብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሞት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በድራማው የለበሰውን የ714 ቁጥር ባጅ ለማንም እንዳይሰጥ ወሰነ። አንድ ተዋናይ ከፖሊስ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ክብር ሲያገኝ፣ ድራማው ለማን ይሠራ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

«ኔክድ ሲቲ» ከዚህ ተለየ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር ካሜራው ወደ ኒው ዮርክ መንገድ ወጣ። የሕንፃው መወጣጫ፣ የወደቡ ጭጋግ፣ ገበያው፣ ልጆች የሚጫወቱበት አስፋልት ሁሉ እውነተኛ ነበር። መርማሪዎቹ ከሳምንት ሳምንት ያው ቢሆኑም የየሳምንቱ ታሪክ የእነሱ አልነበረም። የእንግዳው ነበር፦ ዕዳ ያጎበጠው ሱቅ ጠባቂ፣ ከእስር የተፈታ ወጣት፣ ልጇን የምትሸሽግ እናት። እነዚህን ቦታዎች የሚሞሉት ከኒው ዮርክ ቲያትር ቤቶች የሚመጡ፣ ደመወዛቸው ትንሽ፣ ችሎታቸው ግን ትልቅ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ሮበርት ዱቫል በተደጋጋሚ ታይቶበታል። ደስቲን ሆፍማንም ማንም ሳያውቀው በዚያው አልፏል።

በየቪዲዮ ቤቱ ያደገ ሰው «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ያውቃል። «ኔክድ ሲቲ» ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1959 ሰበረው። የመርማሪዎቹን አለቃ ሆኖ የሚተውነው ጆን ማክንታየር ሥራውን መተው ሲፈልግ፣ ደራሲዎቹ ጡረታ አላወጡትም፤ በትዕይንቱ ዘመን መሀል በመኪና ማሳደድ ላይ ገደሉት። የተካው ሆራስ ማክማን ነው። ማክማን በፊልም ዘመኑ ብዙ ጊዜ ወንበዴ ሆኖ የኖረ፣ ቀስ በቀስ ወደ ፖሊስነት የተሻገረ ሰው ነበር። ድምፁ ሻካራ፣ ፊቱ የተወቀረ። ያ ፊት ከአንድ ገጽ ቃለ ተውኔት በላይ ይናገር ነበር።

አጃቢ ተዋናይ ለምን አስፈለገ ቢባል መልሱ በከፊል የሥራው ፍጥነት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በዓመት እስከ 39 ክፍል ይወጣለት ነበር። በየክፍሉ አዲስ ሌባ፣ አዲስ ምስክር፣ አዲስ ዘበኛ፣ አዲስ የቡና ቤት ባለቤት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዳቸው ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ተመልካቹ ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ከማን እንደተጣላ በዚያች ደቂቃ መገንዘብ አለበት። ይህን የሚችለው መልከ መልካሙ ኮከብ አይደለም፤ ኑሮ ፊቱ ላይ የተጻፈበት ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እነዚህ ሰዎች ከዳር ወደ መሀል መጡ። ቴሊ ሳቫላስ የግሪክ ስደተኞች ልጅ ነበር፤ ድሬዳዋም ግሪኮቿን ስለምታስታውስ መልኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለዓመታት ጨካኝ ወንጀለኛና ክፉ አለቃ ሆኖ ተውኗል። ጭንቅላቱን የተላጨው ጲላጦስን ሆኖ ሲተውን ነበር፤ እንደተላጨ ቀረ። ዕድሜው 50ን ካለፈ በኋላ በ«ኮጃክ» ድራማ መርማሪው ኮጃክ ሆነ። ማጨስ ለመተው ሲል ከረሜላ መምጠጡን ዓለም ሁሉ ያስታውሳል። እኔ ግን የድራማውን መነሻ ነው ደጋግሜ የማስበው። በ1973 የቀረበው የመጀመሪያው ፊልም በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፦ በኒው ዮርክ ሁለት ሴቶች ይገደላሉ፣ ምንም የማያውቅ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ምርመራ ተጨንቆ ባልሠራው ወንጀል የእምነት ቃል ይሰጣል። ያ ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 የተያዘ ሰው መብቱ ይነገረው ብሎ ሲወስን ከጠቀሳቸው አንዱ ነው። በ«ድራግኔት» የማይሳሳተው ፖሊስ በ«ኮጃክ» መነሻ ላይ የሚሳሳት፣ አንዳንዴም የሚዋሽ ሆነ። በግድ የተወሰደ የእምነት ቃል ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም።

ፒተር ፎልክም እንዲሁ ነው። በሦስት ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ዓይን ኖረ። በፊልም ስሙ የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነፍሰ ገዳይ ሆኖ በመተወን ነው። በ1968 ሌተናንት ኮሎምቦ ሲሆን የለበሰው የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት የራሱ ነበር። በ«ኮሎምቦ» ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው እናያለን፤ የሚያጓጓን እንዴት እንደሚያዝ ነው። ገዳዮቹ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ ደራሲዎች፣ ባለ ትልልቅ ግቢ ሰዎች ናቸው። መርማሪው ደግሞ መኪናው አሮጌ፣ ጥያቄው የማያልቅ፣ የተናቀ ሰው። ሀብታሙ የድሃውን ትዕግሥት ሳይገምት ሲሸነፍ ማየት የትም አገር ያስደስታል። በዳር ቪቶ ስኮቲን ፈልጉ። አንድ ቀን አስተናጋጅ፣ ሌላ ቀን ልብስ ሰፊ፣ ሌላ ቀን ቀባሪ ይሆናል። እሱና ፎልክ ሲገናኙ ታሪኩ ቆሞ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ጨዋታ ብቻ ይቀራል፤ ለእኔ የድራማው ምርጥ ደቂቃዎች እነዚያ ናቸው።

አሁን ወደ «ሻፍት» ልመለስ። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች ያህል ገበያ አላገኘም። ሻፍትን የሚተውነው ሪቻርድ ራውንድትሪ በዚያው ዓመት ገጸ ባሕርዩን ይዞ ወደ ቴሌቪዥን ቢሄድም ሰባት ክፍል ብቻ ታይቶ ተቋረጠ። ለቴሌቪዥን ሲባል ሻፍት ተገርቶ፣ ቁጣው ተወስዶበት፣ ከሌሎቹ መርማሪዎች ጋር ተመሳስሎ ነበርና አልገረመኝም። በፊልሙ ውስጥ አለሜ የተባለችውን የአንድ አሚር ልጅ የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማክጊ ናት። ከዓመታት በኋላ «ካግኒ ኤንድ ሌሲ» በተባለው የሴት መርማሪዎች ድራማ የመርማሪውን የፔትሪን ሚስት ሆና እናገኛታለን። ፔትሪን የሚተውነው ካርል ላምብሊ ነበር፤ ሁለቱ ከድራማው ውጭም ተጋብተዋል። የአለሜን አባት አሚሩን የተጫወተው ሳይ ግራንት ደግሞ የጉያና ተወላጅ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል የበረረ፣ በጀርመኖች የተማረከ፣ በኋላም በቢቢሲ የዕለቱን ዜና በካሊፕሶ ዜማ ያቀረበ ሰው። የኢትዮጵያን ልዕልትና አሚር የሆኑት እንግዲህ ከውጭ የመጡ ናቸው።

ከኢትዮጵያ ተዋንያን መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ደበበ እሸቱ ነው። ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ከራውንድትሪ ጋር ተውኗል። በመድረክ ያደገ፣ በኋላም በፖለቲካው ብዙ ዋጋ የከፈለ ሰው ነው። ትልቁ የሆሊውድ ኩባንያ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር አገሩን ለመልክዓ ምድርነት ሲፈልጋት፣ እሱ በዚያ መልክዓ ምድር ላይ በራሱ ድምፅ የሚናገር ሰው ሆኖ ቆመ። የኒው ዮርክን ሱቅ ጠባቂና ወደብ ሠራተኛ በስማቸውና በጭንቀታቸው የጻፈው ሲሊፋንት፣ ኢትዮጵያ ሲደርስ በረሃና ግመል ነው የታየው። ይህን የምለው በቅሬታ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ያንን ብልሃት ያውቅ ነበር። በአዲስ አበባ ተወልዳ አየርላንድ ያደገችው ሩት ኔጋ «ላቭ/ሄት» በተባለው የደብሊን የወንጀለኞች ድራማ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ «ፕሪዚዩምድ ኢኖሰንት» በተባለው የአሜሪካ የፍርድ ቤት ድራማ ሰው የሆነ ሰው ስትተውን ማየት፣ ከዚያ ወዲህ ስንት መንገድ እንደተሄደ ያሳያል።

እኛ ጋስ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው። ሥርጭቱ ክፍለ ሀገር እስኪደርስ ጊዜ ወስዷል። ድሬዳዋ ግን የራሷ በር ነበራት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ በእሱ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነበር። ሬዲዮኑ፣ ቴፑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው በቀረጥም ያለ ቀረጥም ገብቶ ታይዋን ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። የአገሩ ሰው ዕቃ ለመግዛት ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ድሬ ይጎርፍ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገሬ መጣሁ። ይህች ከተማ ለወንጀል ድራማ የተሠራች ናት፤ በክፋት ሳይሆን በሀብቷ። ባቡሩ ላይ ጨርቅና ሲጋራ በሰውነታቸው ጠቅልለው የሚጓዙ ነጋዴ ሴቶች፣ ፉርጎውን የሚፈትሸው ፊናንስ (የቀረጥ ጠባቂ)፣ ሁለቱን የሚያውቀው የባቡር ሠራተኛ ለዓመታት ሲተያዩ ኖረዋል። ፊናንሱ ትናንት ዕቃዋን የወረሳት ሴት ነገ የጎረቤቱ ሙሽራ እናት ልትሆን ትችላለች። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር በቀጥታ የተዘረጋው ጎዳናና የመጋላ ሰፈር ጠምዛዛ መንገድ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ነው የሚለያዩት። ቀፊራ ገበያ ላይ አንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላዋ በሶማሊኛ ትመልሳለች፣ ሦስተኛው በአማርኛ ያስታርቃል። «ኔክድ ሲቲ» ከኒው ዮርክ ያገኘው ነገር ሁሉ እዚህ አለ።

የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ሳሎን አልወጡም። አዳነች ወልደገብርኤል የጻፈችው «ገመና» አገሩን በየቤቱ ያስቀመጠ ድራማ ነበር። «ሰው ለሰው»ም ከዚያ በኋላ ለዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ቆየ። በ«ሰው ለሰው» ሕዝቡ በስሙ የጠራው መልካሙን ሰው አልነበረም፤ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ነበር። የዝግታው አነጋገር፣ ሲያስፈራራ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ከሶፋውና ከመጋረጃው ሁሉ በልጦ ይታወሰናል። ተመልካቹ የሚፈልገውን በግልጽ ተናግሯል፦ ፊት። የጎደለው ያ ፊት የሚቆምበት ጎዳና ነው።

ድሬዳዋ ላይ ቢቀረጽ ብዬ የማስበው የመጀመሪያው ክፍል ዋና መርማሪ እንኳ አያስፈልገውም። አሮጌው ለገሃር፣ አንድ የጠፋ ጆንያ፣ የዘበኛው ምስክርነት፣ ሻይ የምታፈላ ሴት፣ ጡረታ የወጣ ፊናንስ ይበቃል። በየመድረኩ ያለ ክፍያ ሲተውኑ ከኖሩት የከተማዋ ተዋንያን መካከል ይመረጡ፣ ሦስቱንም ቋንቋ እንደ አፋቸው ይቀላቅሉ፣ ስማቸውም በመጨረሻ ለማንበብ በሚያስችል ፍጥነት ይለፍ። ቀረጻው ከቀትር በፊት ማለቅ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ የድሬ ፀሐይ ካሜራውንም ሰውንም አያሠራም።