ከአንድ ትንፋሽ እስከ ቦምቦላ፦ የመጥለቅ ታሪክ በአካባቢያችን ባሕር

ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ እኛ በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየቀኑ ስለምናየው ባሕር ጥቂት ማለት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። የምድር ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ወገኖቻችን በወደቡ፣ በባቡሩና በንግዱ ኖረዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች በመሆናችን ባሕሩን የምናውቀው ከዳር ቆመን ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሉናል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ከመዋኘት አልፈው መጥለቅ ጀምረዋል። ስለሆነም ወላጅ ሁሉ ታሪኩንና መሣሪያውን ሊያውቅ ይገባዋል።

በዚህ አካባቢ መጥለቅ አዲስ ነገር አይደለም። በዳህላክ ደሴቶች ዕንቁ ፈላጊዎች ለዘመናት በአንድ ትንፋሽ ብቻ ሲወርዱ ኖረዋል። ትርፉ የነጋዴው፣ አደጋው የጠላቂው ነበር። በኋላ ጃፓኖች ያረቡት ዕንቁ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሥራው ተዳከመ።

ቀጥሎ የመጣው የመዳብ ቁርና የእርሳስ ጫማ ሲሆን፣ ጠላቂው የሚተነፍሰው ከላይ በቱቦ የሚላክለትን አየር ነበር። በ1941 ጣሊያኖች ምጽዋን ከመልቀቃቸው በፊት መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን አሰጠሙ። በ1942 አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጠላቂዎቹ ጋር ሆኖ፣ በፈንጂ የተበሳውን ትልቁን መጠገኛ የታመቀ አየር ነፍቶበት አስነሣው።

ሰውን ከቱቦው ያላቀቀው በ1943 በፈረንሳይ የተሠራው መሣሪያ ነው። መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በጦርነቱ የቤንዚን እጥረት ምክንያት መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያስችል ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከዣክ ኢቭ ኩስቶ ጋር ሆነው ቫልቩን ለጠላቂ ትንፋሽ አስማሙት። ኩስቶም በ1963 ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ በሻዓብ ሩሚ ከባሕር በታች ቤት ተክሎ፣ ሰዎች በአሥር ሜትር ጥልቀት አንድ ወር ያህል ኖሩበት።

ስኩባ የሚባለው የዛሬው መሣሪያ ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው። ቦምቦላው ብዙዎቻችን እንደምናስበው ኦክስጂን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ይይዛል። ሬጉሌተሩ አየሩን እንደ ጥልቀቱ መጥኖ ወደ አፍ ያደርሳል። በአየር የሚነፋው ጃኬትና የእርሳስ ቀበቶው ተንሳፋፊነትን ያመጣጥናሉ። መነጽሩ፣ እንደ ዳክዬ እግር ያለው የጎማ ጫማ፣ የግፊትና የጥልቀት መለኪያዎቹም አሉ። እኛ ነጋዴዎች እንደምንለው ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 12 ሊትር ቦምቦላ በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። ነገር ግን በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን አየሩም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል።

አደጋው ከሁሉ ይልቅ በመውጣት ጊዜ ነው። ጠላቂ ትንፋሹን አፍኖ ከወጣ በሳንባው ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ሳንባውን ሊቀድ ይችላል። በፍጥነት ከወጣ ደግሞ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ተንጦ እንደተከፈተ ለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል። ይህም ሽባ እስከማድረግና እስከመግደል ይደርሳል።

በተለይ የእኛን ቤተሰቦች የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጠዋት በሙሻ ደሴት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላንም ሆነ በመኪና ወደ ደጋ የሚጓዝ ልጅ፣ ከጥልቅ ውሃ በፍጥነት እንደወጣ ሰው ለዚያው ሕመም ይጋለጣል። ስለዚህ ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳያርፍ አይጓዝ። ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ቢጠራ እንኳ ወላጅ ይህን ሊያስከብር ይገባል።

ከኦቦክ ወደ የመን በሚወስደው መንገድ ባሕሩ ብዙ ወገኖቻችንን አስቀርቶብናል። ሐዘናችን ግን ልጆቻችንን ከውሃ ለማራቅ ሳይሆን ውሃን ለማስተማር ሊያነሣሣን ይገባል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በብርድ ወራት የሚመጣውን ግዙፍ የዓሣ ነባሪ ሻርክ በዓይናቸው ሊያዩ ይችላሉ። አስቀድመው ዋና ይማሩ፣ ቀጥሎ በታወቀ አሠልጣኝ ይሠልጥኑ፣ ብቻቸውንም አይጥለቁ። ይህን ለመጪው ትውልድ አደራ እያልን መልካም የኢዮቤልዩ በዓል እንመኛለን።