የላዳ ሞተርና የመለዋወጫው ዝምድና



የአንድ እናት ልጆች መልካቸው ቢመሳሰልም ጫማቸው እኩል አይሆንም። የኦቶሞቢልም ነገር እንዲሁ ነው። ለዛሬ ያሰብነው ታሪክ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ሕዝብ ስታመላልስ የኖረችው የላዳ ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላዳ የተወለደችው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ይኸው ኦቶሞቢል በ1966 ዓ.ም. ወጥቶ በ1967 በኤውሮፓ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። የሶቪየት መንግሥትም በ1966 ከፊያት ጋራ ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በቶሊያቲ ከተማ፣ ታላቅ ፋብሪካ አቆመ። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በ1970 በሚያዝያ ወር ተሠሩ።

ነገር ግን መስኮቦች የተቀበሉትን እንዳለ አልገለበጡም። ብርዱ ጽኑ፣ መንገዱም ሸካራ ስለ ሆነባቸው የአካሉን ብረት አደነደኑ፤ የኋላውንም የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የሞተሩ ነው። የፊያቱ ሞተር 1197 ኩብ ሳንቲሜትር ሲሆን የሲሊንደሩ ስፋት 73፣ የፒስቶኑ ምት 71.5 ሚሊሜትር ነው፤ ካምሻፍቱም ከታች በብሎኩ ውስጥ ይገኛል። የላዳዋ 1198 ሲሆን ስፋቱ 76፣ ምቱ 66 ነው፤ ካምሻፍቱም በቴስታታው ላይ ተቀምጦ በሰንሰለት ይዞራል። እንግዲህ በይዘት በአንድ ኩብ ሳንቲሜትር ብቻ የሚለያዩት ሞተሮች በውስጣቸው ባዕዳን ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያንኛ የመጣ ቢሆንም የጣሊያኑ ፒስቶን ለላዳ አይሆንም።

ላዳዎቹስ እርስ በርሳቸው? ሁለት ስፋትና ሁለት ምት ተጋብተው አራት ሞተሮች ወጡ። 76 በ66 የሆነው 1200፣ 79 በ66 የሆነው 1300፣ 76 በ80 የሆነው 1500፣ 79 በ80 የሆነው 1600 ይባላል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው። ፒስቶንና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስፋትን ይከተላሉ፤ ስለዚህ 1200 ከ1500፣ 1300 ከ1600 ይዛመዳሉ። ክራንክ ሻፍትና ሰንሰለት ግን ምትን ይከተላሉ። ረጅም ምት ያለው ብሎክ በ9 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሰንሰለቱ 116 ዓይን አለው፤ የአጭሩ 114 ነው። በ1980 ገደማ የወጣችው 2105 ደግሞ በመጀመሪያው ሞተሯ ሰንሰለቱን በጎማ ቀበቶ ተክታለች።

ይህን ሳያጣራ የሚገዛ ሰው ምን ያገኘዋል? የ76ቱን ጓርኒሲዮን በ79ኙ ላይ ቢያስገጥም ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ዘልቆ ይቃጠላል፤ ውሎ አድሮም ቴስታታው እንደ ገና ይወርዳል። ለዕቃውና ለመካኒኩ የከፈለው የወር ደመወዝ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር አንባቢ፣ ባረጀች መኪና ላይ በኋላዋ የተለጠፈውን ስም አይመኑ፤ ሞተሯ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና። በብሎኩ ግራ ጎን፣ ከዘይት ማጣሪያው በላይ፣ የተቀረጸውን ቍጥር ያንብቡ። ሞተሩ ከዚህ ቀደም ታርሶ እንደ ሆነም ይጠይቁ፤ በየእርሻው የፒስቶኑ ልክ ይጨምራልና።

የዚህ ዘር ሥራ በሩሲያ የተቋረጠው በ2012 ነው። የቀሩት ላዳዎች ዕድሜ እንግዲህ በባለቤቶቻቸው ጥንቃቄ ላይ ይወድቃል። ዋጋ ከመጠየቅ አስቀድሞ ልክ መጠየቅ ይገባል።