አንደኛ ማዕረግና ሦስተኛ ማዕረግ፦ የለገሃር ባቡር ትዝታና ዕዳ

ያረጀ ሐዲድ በብዙ አገር አዲስ ሥራ አግኝቷል። በህንድ አገር የራጃስታንን በረሃ የሚያቋርጠው «ቤተ መንግሥት በመንኮራኩር» የሚሉት ባቡር ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገደኞቹን እንደ መሃራጃ እያስተናገደ ይጓዛል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሮቮስ ሬል የተባለው ድርጅት ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሮጌ ፉርጎዎችን አድሶ ባለጸጎችን በተራራና በበረሃ መካከል ያመላልሳል። ተሳፋሪው ገንዘቡን የሚያፈሰው ቶሎ ለመድረስ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ለመሄድ ነው።

እኛም እንዲህ ያለ መንገድ ነበረን። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አዲስ አበባ ይገባ የነበረው የምድር ባቡር ነው። አንድ ቀን ይህን መስመር ለጎብኚ እናድሰው የሚል ቢነሣ፣ በውበቱ በኩል የሚጎድለው ነገር አይኖርም። ዳሩ ግን የትኛውን ባቡር ነው የምናድሰው? የአንደኛ ማዕረጉን ነው ወይስ የሦስተኛውን? ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። (እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከባሕሩ እስከ ርእሰ ከተማው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ጅቡቲን ለቅቆ ጥቁር ድንጋይ በተነጠፈበት ምድረ በዳ ይገባል፤ የሆልሆልን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ፣ አሊ ሳቢህን አልፎ፣ በደወሌ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ይረግጣል። አዲጋላንና ሽንሌን አቋርጦ ማታ ድሬዳዋ ይደርሳል። በማግሥቱ የጨርጨርን ተራሮች በስተግራ እያየ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ ቆላ ይጓዝና ሁለተኛው ሌሊት አዋሽ ላይ ይውላል። በሦስተኛው ቀን የፈንታሌን ተራራና እሳተ ገሞራ የተፋውን የመተሐራን ጥቁር ዐለት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ይለወጣል። ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አቃቂ፤ ግራርና ቁጥቋጦው ለጤፍ ማሳና ለባሕር ዛፍ ቦታውን ይለቃል። በረሃ የለመደ ሰውነት ለደጋ ብርድ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነበረው።

አንደኛ ማዕረግ የያዘ መንገደኛ ይህን ሁሉ የሚያየው ትራስ ባለው ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ሌሊቱን በድሬዳዋ ሆቴል፣ ወይም ግሪኮች ሲያስተዳድሩት በኖሩት በአዋሽ ጣቢያ ቢፌ ያድራል። በ1923 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተጋበዙት የነገሥታትና የመንግሥታት መልእክተኞች በዚሁ ሐዲድ ነበር የመጡት። ደራሲው ኢቭሊን ዎም በዚያው ሰሞን በባቡሩ መጥቶ ያየውን በጉዞ መጽሐፉ አሳትሟል። እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ውስጥ አገሩ ከመስኮት ውጭ የሚታይ ሥዕል ነው። ሐዲዱ በማን ፈቃድ እንደተዘረጋ፣ ስንት ክርክርም እንዳለፈበት ከመስኮቱ አይታይም።

ክርክሩ የጀመረው ገና ከውሉ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐሳባቸው ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ መስመር ነበር። ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ ኩባንያውን አቋቁመው በ1890 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው በሙቀትና በውሃ ጥም ሠራተኛውን ፈተነው። መሬቱ የሚነካባቸው ኢሳዎችም አደጋ እየጣሉ ሥራውን ደጋግመው አስተጓጎሉ። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘና መስመሩ ከሥር በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ለዘመናት የንግድ እምብርት የነበረችው ጥንታዊት ሐረር ከመንገዱ ውጭ ቀረች፤ ኩባንያው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያወጣለት ከዚራ ግን አዲስ ከተማ ሆነ።

ዘለቄታ ያለው ጭቅጭቅ የተነሣው በገንዘብ ምክንያት ነው። ኩባንያው ሲከስር የእንግሊዝ ባለአክሲዮኖች እንዳይውጡት የሰጋው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ድጎማ የሚሰጥበትን ውል ተፈራረመ፤ በዚያውም እጁን አስገባ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ፈቃዱን የሰጡት ለነጋዴ ኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረምና፣ ነገሩን ሉዓላዊነታቸውን የሚነካ አድርገው ተቃወሙት። ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ በተዋዋሉት የሦስትዮሽ ስምምነት ውስጥ የባቡር ነገር ዋና ጉዳይ የሆነውም በከንቱ አይደለም። የባሕር በር ለሌለው መንግሥት የባቡር ሐዲድ ማለት የደጁ ቁልፍ ነበር። በ1900 አዲስ ፈቃድ ለአዲስ ኩባንያ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃም በ1922 ተመረቀ። ኢትዮጵያ በኩባንያው የእኩል ባለቤት የሆነችውና ዋናው መሥሪያ ቤትም ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1952 በተፈረመው ውል ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስተኛ ማዕረግ ሌላ ዓለም ነበር። በእንጨት አግዳሚ ላይ የሐረርጌ ጫት ነጋዴ፣ ኮንትሮባንድ የደበቀች እናት፣ ወታደር፣ ተማሪና ዘመድ ጠያቂ ተጨናንቀው ይሄዱ ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በአንድ ፉርጎ ውስጥ ይሰሙ ነበር፤ የሥራው ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። ከዚህ ድብልቅ የቀረልን ውርስ ዛሬም በአፋችን አለ። «ለገሃር» ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ «ፉርጎ»ም ከፈረንሳይኛ ነው፤ «ሐዲድ» ብረት ማለት ሲሆን ከዐረብኛ ነው፤ «ሊቶሪና» ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያመጡት ፈጣን ባቡር ስም ነው። በየጣቢያው ባቡሩ ሲቆም ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ወተትና እንቁላል የያዙ ሴቶች መስኮቱን ይከቡታል። አንደኛ ማዕረግ ለተቀመጠው ይህ ትርኢት ነበር፤ ለአፍደምና ለሚኤሶ ሴቶች ግን የዕለት እንጀራ ነበር።

ይኸው ባቡር የስደት መንገድም ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ገና ሳይነጋ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ በባቡር ወጡ፤ በጅቡቲ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የኢጣሊያ ጦር ከተማዪቱን ያዘ። ራስ ተፈሪ ሳሉ በ1916 አውሮፓን ለመጎብኘት በክብር የሄዱበትን ሐዲድ ነው በስደት የተጓዙበት። በዚያ ማለዳ አንደኛ ማዕረግ ምቾት አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ በደርግ ዘመን ብዙ ወጣቶች ያንኑ በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ጅቡቲ ገቡ፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ካለነው መካከል ከዚያ መንገድ የተረፉ ጥቂት አይደሉም። በአውሮፕላን የወጣ ሰው አገሩን በአንድ ሌሊት ይለያል፤ እነርሱ ግን አገራቸውን እርምጃ በእርምጃ ነው የተሰናበቱት።

የመስመሩ መድከም ታሪክ አጭርና መራር ነው። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲወር ድልድዮች ፈረሱ፤ ሐዲዱም ተቆረጠ። በጥር 1977 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር በአዋሽ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ በእርጅናና በጥገና እጦት እየተንፏቀቀ ቆይቶ በ2000 ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ቆመ። በመስከረም 2009 በቻይናውያን የተሠራው አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ሰፊ ሐዲድ አለው፤ ፈጣንም ነው። ነገር ግን መነሻው ከመሐል ከተማ ውጭ ፉሪ ለቡ ነው፤ ጣቢያዎቹም አብዛኞቹ ከከተሞቹ ርቀው የተሠሩ ናቸው። በአሮጌው ሐዲድ ዳር የበቀሉት መንደሮች ባቡሩን ከሩቅ ያዩታል፤ እርሱ ግን አያቆምላቸውም።

አሮጌው ባቡር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የድሬዳዋ ጣቢያና የጥገና ቤቱ ለጎብኚ ይታያሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎዎች በለገሃር ተጠብቀዋል። እዚያው ለገሃር ዙሪያ በ2011 ሰፊ የከተማ ግንባታ ዕቅድ ይፋ ሆኗል። እንግዲህ የሚታደሰውና የሚፈርሰው የሚመረጥበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ባለጸጋ ጎብኚ የንጉሡን ፉርጎ ማየት ይወዳል፤ ለእርሱም የሚሟገት አይጠፋም። ለሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚ፣ ለሐዲድ ሠራተኛው መዝገብና ለአዋሽ ሙታን መታሰቢያ ግን ማን ይሟገት?

ህንዶች የመሃራጃዎቻቸውን ባቡር አድሰው ሲነግዱበት የሚነቅፋቸው የለም። ለእኛም የአዋሽን ሸለቆ ከመስኮት እያየ የሚከፍል እንግዳ ቢመጣ ለአፍደምና ለሚኤሶ መልካም ነው፤ ባቡሩ እስከቆመላቸው ድረስ። መንገዱን ያቆየው ግን ትራስ ያለው ወንበር አልነበረም፤ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የሚሄደው ሕዝብ ነበር። ትዝታው የሚጻፍ ከሆነ በዚያ ፉርጎ ተሳፍረው የነበሩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ይጻፍ። ብዙዎቹም በየስደቱ አገር ከእኛው ጋር ናቸው።