የመርሳት ሕመምን ቤተሰብ ብቻውን እንዳይሸከም፡ የዋሽንግተን ግዛት መንግሥት ተሞክሮ

ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱበት የገበያ መንገድ የጠፋባቸው አባት፣ ቡና አፍልተው ካጠጡ በኋላ "መቼ አፈላሁ?" ብለው እንደገና ረከቦት የሚያቀርቡ እናት በብዙ ቤት ይኖራሉ። ቤተሰብ በመጀመሪያ "ጃጁ" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ እየከፋ ሲሄድ ግን ቀን የሚጠብቃቸው፣ ሌሊት የሚነሳላቸው፣ የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በአንዲት ምራት ትከሻ ላይ ይወድቃል። መንግሥት ይህን ሸክም ለመጋራት ምን ሊያደርግ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሆኑ ተሞክሮዎች አንዱ የአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የመርሳት ሕመም፣ በሕክምናው አጠራር ዲሜንሺያ፣ የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገርና የዕለት ተዕለት ኑሮን የመምራት ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያዳክም የአንጎል ጉዳት ነው። ከእርጅና ጋር አብሮ መምጣቱ የማይቀር ነገር አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ከዓይነቶቹ ሁሉ በስፋት የሚታወቀው አልዛይመር ሲኾን ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚኾነውን ይይዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በ2021 (እ.አ.አ) በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚኾኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት የሚኖሩ ናቸው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ።

ቅንጅት ለምን አስፈለገ?

የመርሳት ሕመም እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ስለዚህ ታማሚው ለዓመታት የሚያስፈልገው ነገር ከሐኪም ቤት ውጭ ያለው ይበልጣል። ምርመራው በጤና ተቋም፣ የንብረትና የውርስ ጉዳዩ በፍርድ ቤት፣ ድጎማው በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ መንገድ ሲጠፋበት ደግሞ በፖሊስ እጅ ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ይሠራል፤ ሙሉውን ጉዳይ የሚያየው ግን አስታማሚው ብቻ ነው። በየቢሮው ደጅ እየጠና ታሪኩን ከመጀመሪያው የሚናገረውም እሱ ነው። የቅንጅት ዓላማ ቤተሰብ በየቢሮው መንከራተቱ ቀርቶ ቢሮዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው።

ግዛቲቱ ምን አደረገች?

የዋሽንግተን ግዛት በሀገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የምትገኝ ስትኾን ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትገናኘው በስም ብቻ ነው። ትልቋ ከተማዋ ሲያትል በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2014 (እ.አ.አ) የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ አንድ የሥራ ቡድን እንዲያቋቁም በሕግ አዘዘ። ቡድኑ የመንግሥት ተቋማትን፣ ሐኪሞችን፣ የእንክብካቤ ሰጪዎችንና የቤተሰብ አስታማሚዎችን ድምፅ ይዞ የመጀመሪያውን ግዛት አቀፍ ዕቅድ በ2016 መጀመሪያ አቀረበ።

ዕቅዱ ሰባት ግቦች አሉት። እነዚህም የሕዝብን ግንዛቤ ማሳደግ፣ ማኅበረሰቡን ለሚጨምረው የሕሙማን ቁጥር ማዘጋጀት፣ የታማሚዎችንና የአስታማሚዎቻቸውን ደኅንነት መጠበቅ፣ ለቤተሰብ አስታማሚዎች የተሟላ ድጋፍ መስጠት፣ ሕመሙን በጊዜ ለይቶ ተገቢ ሕክምና መስጠት፣ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ታማሚው በመረጠው ቦታ እንዲያገኝ ማድረግና ምርምርን ማበረታታት ናቸው።

ዕቅድ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር የሚከታተል ጥምረትም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። በመጀመሪያ በበጎ ፈቃድ ትብብር የሚሠራ ነበር። በ2022 ግን ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ቋሚ መሠረት አገኘ፤ ዕቅዱን የማደስ ኃላፊነትም ተሰጠው። የታደሰው ዕቅድ በ2023 ወጥቷል።

በተግባር ምን ይመስላል?

አንደኛ፣ ለቤተሰብ አስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ አለ። "የኾነ ነገር ልክ አይደለም" ከሚለው የመጀመሪያ ጥርጣሬ እስከ መጨረሻው የሕመም ደረጃ ድረስ ምን እንደሚጠበቅና ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሁለተኛ፣ መላ ግዛቲቱን የሚሸፍኑ 13 የአረጋውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች እንደ መግቢያ በር ያገለግላሉ። ቤተሰብ ወደ አንዱ ሲደውል ስለ ድጎማ፣ ስለ ሥልጠናና ስለ ምክር በአንድ ቦታ ይነገረዋል። አስታማሚው ጥቂት እንዲያርፍ ለሰዓታት የሚተካው ሰው የሚገኝበት መንገድም አለ።

ሦስተኛ፣ ታማሚው ሙሉ አእምሮው ሳለ ስለ ሕክምናውና ስለ ንብረቱ የሚወስንለትን ሰው በሕግ አግባብ እንዲመርጥ የሚረዱ ቅጾችና መግለጫዎች ተዘጋጅተዋል።

አራተኛ፣ በገጠር ያሉ ሐኪሞች ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስፔሻሊስቶች ጋር በቪዲዮ እየተገናኙ ስለ ከበዷቸው ሕሙማን ይመካከራሉ። በዚህም ታማሚው ሩቅ መንገድ ሳይጓዝ የተሻለ ሕክምና የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

የዋሽንግተን ግዛት ሀብትና የእኛ ክልሎች አቅም አይወዳደሩም። ኾኖም ከተሞክሮው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ዋነኛው ነው፤ ይኸውም በሕግ የተሰጠ ኃላፊነት፣ ሁሉንም የሚያሰባስብ አንድ ጠረጴዛና ቤተሰብ የሚያንኳኳው አንድ በር ነው። በሀገራችን ከ2003 (እ.አ.አ) ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር እንዲህ ላለው በር ቅርብ ነው።

እስከዚያው ቤተሰብ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ፦

በቤት ውስጥ ያሉ አረጋዊ አንድን ጥያቄ ደጋግመው የሚጠይቁ፣ በሚያውቁት ሰፈር የሚጠፉ፣ ገንዘብ መቁጠር የሚያቅታቸው ወይም ጠባያቸው የተለወጠ ከኾነ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ተገቢ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ድብርት፣ ኢንፌክሽንና አንዳንድ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊታከሙ ይችላሉ።

የመሬት፣ የብድርና የውርስ ጉዳዮችን አረጋዊው ሙሉ አእምሯቸው ሳለ በሕግ ባለሙያ ምክር መቋጨት በኋላ በልጆች መካከል ከሚነሳ ጠብ ያድናል።

ማስታመሙን ለአንድ ሰው ብቻ አለመተው ያስፈልጋል። ወንድምና እህት ተራ ቢገቡ፣ ጎረቤት ለግማሽ ቀን ቢቀመጥ አስታማሚዋ እንዳትታመም ይረዳል። አረጋዊው ሲሳሳቱ መቆጣት ወይም አስሮ ማስቀመጥ ሕመማቸውን ያብሳል እንጂ አያስተካክልም።

መከላከልም ይቻላል። በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት 14 ተጋላጭነትን የሚጨምሩ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ እነዚህን መቆጣጠር ከተቻለ በዓለም ከሚከሰተው የመርሳት ሕመም ወደ 45 በመቶ የሚኾነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ሲጋራን መተው፣ የአልኮል መጠጥን መቀነስ፣ የመስማት ችግርን መታከምና ከሰው ጋር መገናኘትን አለማቋረጥ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ዕድር፣ ማኅበርና የቡና ጊዜ ለአረጋውያን ከወግ ያለፈ ጥቅም አላቸው።